ካሴት ያዋሰ ወዳጅ ለገበያው ጠቀመ ወይስ ጎዳ?

በእህል በረንዳ ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው ዘገን አድርጎ ያያል፤ በመዳፉ ያሻል፤ ጥቂት ፍሬ ወደ አፉ ጣል አድርጎ ይቀምሳል። መርካቶ ጨርቅ የሚገበያይ ደንበኛም ጨርቁን ሳይዳስስ ከኪሱ ገንዘብ አያወጣም። የሙዚቃ አልበም ግን እንደ እህልና እንደ ጨርቅ አይደለም። ሽፋኑን አይቶ ይዘቱን ማወቅ አይቻልም። ዘፈኑን ለማወቅ መስማት ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ሰምቶ ደግሞ ከርሞ መስማት ያለና የሌለበትን መለየት ያስቸግራል።

የኢኮኖሚክስ ምሁራን እንዲህ ያለውን ሸቀጥ በልምድ የሚታወቅ ዕቃ ይሉታል። አሜሪካዊው ፊሊፕ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናቱ እንዳስረዳው፣ ሸማቹ ተጠቅሞ ካላየው በስተቀር ጥራቱን ሊያውቅ በማይችለው ዕቃ ላይ ሲሆን የሌሎችን ሰዎች ምክር አብልጦ ይፈልጋል። በሙዚቃ ገበያ ደግሞ ይህ ምክር ከሁሉ በፊት የሚገኘው ከወዳጅ ነው። «ሰሞኑን ቤትህ ምን እየሰማህ ነው?» የሚለው ጥያቄ የጨዋታ መክፈቻ ብቻ አይደለም። ነጋዴው ገንዘብ ሳያወጣበት ደንበኛ የሚያመጣለት ማስታወቂያ ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁለት ገጽ አለው። «ይህን አልበም ስማው» ብሎ የሚመክረው ወዳጅና «እንካ ገልብጠው» ብሎ የሚሰጠው ወዳጅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። በአንድ እጁ ለገበያው ደንበኛ ያመጣል፤ በሌላ እጁ ደንበኛውን ከሙዚቃ ቤቱ በር ይመልሰዋል። የትኛው እጁ ይበረታል የሚለው ጥያቄ ለድምፃዊው፣ ለግጥምና ዜማ ደራሲው፣ ለሙዚቃ አቀናባሪውና ለአሳታሚው የእንጀራ ጥያቄ ነው።

ሸክላ በቤት ውስጥ በማይገለበጥበት ዘመን

የኢትዮጵያ የሸክላ ሙዚቃ ገበያ ለረጅም ጊዜ በግል ነጋዴ እጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን አጥር እ.ኤ.አ. በ1969 የጣሰው በወቅቱ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ ነው። አምሃ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች አስቀርፆ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትሞ አስገባ። ድርጅቱ አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ባሉት ዓመታት 103 ነጠላ ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን ለገበያ ማቅረቡ ተመዝግቧል። ከእርሱ በኋላ ፊሊፕስና ካይፋ ሪከርድስ ወደ ገበያው ገብተዋል።

የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ያጠናው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚለው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ነጠላ ሸክላዎችና 30 ገደማ ረጃጅም አልበሞች ታትመዋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ማለት ለአንድ አገር ገበያ ብዙ አይደለም። የሚያስደንቀው ከዚህ ጥቂት ዕቃ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሰማው ብዙ መሆኑ ነው።

በዚያ ዘመን ሙዚቃን ለወዳጅ ማካፈል ማለት ወዳጅን ወደ ቤት መጥራት ማለት ነበር። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከረው ነጠላ ሸክላ በእያንዳንዱ ገጹ አንድ ዘፈን ይይዛል፤ አልቆ ይገለበጣል። የሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር ጎረቤትም ዘመድም እዚያው ተሰብስቦ ይሰማል። ሸክላ በቤት ውስጥ ሊባዛ አይችልም። ሲዋስ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል፤ ተጭሮ ወይም ተሰብሮ የመመለስ ዕድልም ስላለው ባለቤቱ ለማዋስ ያመነታል። በመሆኑም ሰምቶ የወደደው ሰው የራሱን መግዛት ግድ ይሆንበት ነበር። የወዳጅ ምክር በሙሉ ኃይሉ ለገበያው የሠራው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ካሴቱ ገበያውን ገለበጠው

በ1960ዎቹ መጨረሻ ካሴት ሸክላውን ከገበያ ማስወጣት ጀመረ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ቀላል ነው፤ በኪስ ይያዛል። ሲ-60 የሚባለው በየጎኑ 30 ደቂቃ፣ ሲ-90 የሚባለው በየጎኑ 45 ደቂቃ ስለሚይዝ አንድ ድምፃዊ አሥርና ከዚያ በላይ ዘፈን በአንድ ጊዜ ለማቅረብ ቻለ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የታወጀው የሰዓት እላፊ ገደብ ደግሞ ሰውን ከምሽት ክበብ ወደ ቤቱ መለሰው። ትላልቅ ሆቴሎች ውስጥ ገደቡ እስኪነሳ ድረስ እስከ ንጋት የሚጨፍሩ ቢኖሩም፣ የብዙኃኑ ምሽት ከቴፕ ሪከርደር ጋር የሚያልፍ ሆነ።

ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ሲመጣ እያንዳንዱ ሳሎን ማባዣ ቤት ለመሆን በቃ። አንዱ ይገዛል፤ ሌላው ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል። የተለያዩ ድምፃውያንን ምርጥ ምርጥ ዘፈኖች በአንድ ካሴት ለቅሞ ለጓደኛ መስጠት የወዳጅነት መግለጫ ሆነ። ወደ ውጭ የሚጓዝ ሰው ሻንጣ ከበርበሬና ከሽሮ ጎን ካሴት የማይታጣበት ሆነ፤ በዋሽንግተንም በሮምም የሚኖረው ኢትዮጵያዊ የአገሩን አዲስ ሙዚቃ ያገኘው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ካሴት ግን አንድ ተፈጥሯዊ አጥር ነበረው። ግልባጭ ከግልባጭ ሲገለበጥ ጩኸቱ ይበዛል፤ የቀጭን መሣሪያ ድምፅ እየጠፋ ይሄዳል። በሦስተኛውና በአራተኛው እጅ የደረሰ ካሴት ድምፃዊውን ጉንፋን እንደያዘው ያስመስለዋል። ስለዚህ ዘፈኑን ከልቡ የወደደው ሰው፣ ባለ ቀለም ሽፋኑን ከነፎቶግራፉ የፈለገው ሰው፣ ኦሪጅናሉን ለመግዛት ምክንያት ነበረው። ይህ አጥር የፈረሰው ሲዲ፣ ቀጥሎም ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ሲመጡ ነው። ዛሬ በቴሌግራም የሚላከው አልበም መቶኛው ሰው ዘንድ ሲደርስም የመጀመሪያውን ያህል ጥራት አለው፤ የላከውም ሰው እጁ ላይ ያለው አይጎድልበትም። ቀድሞ ማዋስ ይባል የነበረው ነገር ስሙ ሳይለወጥ ሥራው ማባዛት ሆኗል።

ከቤት ወደ ቤት የሚሄዱት

ሙዚቃ ወዳጆች ተገናኝተው ቤታቸው የሚሰሙትን ሲጠያየቁ ስማቸው የማይጠፋ አልበሞች አሉ። የጥቂቶቹን ጉዞ መመልከት የወዳጅ ምክር መቼ ለባለሙያው እንጀራ እንደሚሆን ያሳያል።

የማሕሙድ አህመድ «ኤሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሪከርድስ የወጣ ነው። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጅየም ኩባንያ በአውሮፓ አሳተመው። ማሕሙድ በውጭ አድማጭ ዘንድ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ድምፃዊው የስንብት ዝግጅቱን በአዲስ አበባ ያቀረበው በጥር 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም አልበሙ ከታተመ 50 ዓመት ሊሞላው ሲል መሆኑ ነው።

የዋልያስ ባንድ «ቸበለው» በ1977 እ.ኤ.አ. የታተመ የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለው ሥራ የሚገኘው በዚህ ውስጥ ነው። ግጥም የሌለበት በመሆኑ እንግዳ ሲመጣ፣ ቡና ሲፈላ፣ ሰው ሲያነብ የሚከፈት ነው። ሸክላው እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና ታትሟል።

የእማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች ታሪክ ከሁሉ ይለያል። እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ያሳተሙት ለበጎ አድራጎት እንዲውል ብለው ነው። ሥራቸው ለረጅም ጊዜ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ሆኖ ቆየ። ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በፈረንሳይ ባሳተመው ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ውስጥ በ2006 21ኛው ሆኖ ሲወጣ ግን በየአገሩ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ተላለፈ። እማሆይ ለብዙ ዓመታት በኖሩባት በኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። የዚሁ ስብስብ 4ኛው ክፍል የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ሲሆን፣ አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ስለተጠቀመባቸው የሙላቱ አድማጭ ቁጥር እጅግ ጨምሯል።

ለገበያ ተመራማሪ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን የኃይሉ መርጊያ ካሴት ነው። ኃይሉ ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር እየተጫወተ አንድ ካሴት ቀረፀ። ከዚያ በኋላ በታክሲ ሥራ ኑሮውን ሲገፋ ብዙ ዓመታት አለፉ። በ2013 የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስበው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ይህን ካሴት ባህር ዳር ውስጥ አገኘው። ሰምቶ ዝም አላለም፤ ገልብጦም አልሸጠም። ባለቤቱን ፈልጎ አገኘና ተዋውሎ በዚያው ዓመት እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞችን አወጣ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ካሴቱ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የኖረው በአድማጮች እጅ መሆኑ ነው። አሳታሚም ሆነ ማስታወቂያ አላቆየውም። ይሁን እንጂ የአድማጮች ፍቅር ብቻውን ለኃይሉ ገቢ አላስገኘለትም። ገቢ የመጣው ባለመብቱ ተፈልጎ ሲገኝና ውል ሲፈረም ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

ነገሩን በቁጥር ለማየት አሥር ጓደኛሞችንና ዋጋው 200 ብር የሆነ አንድ አልበም ለስሌት ያህል እንውሰድ።

ጓደኛሞቹ ስለ አልበሙ ምንም ባይነጋገሩ ሁለቱ ብቻ በራሳቸው ይገዙታል እንበል። ገቢው 400 ብር ይሆናል። አንዱ ገዝቶ ዘጠኙ ቢገለብጡበት ደግሞ ገቢው 200 ብር ብቻ ነው፤ ወዳጅነቱ ገበያውን በግማሽ ጎዳው ማለት ነው። አንዱ ገዝቶ ለሌሎቹ ቢያሰማቸውና ከዘጠኙ አራቱ ወደው የራሳቸውን ቢገዙ ግን አምስት አልበም ይሸጣል፤ ገቢው 1,000 ብር ይደርሳል። ወዳጅነቱ ገበያውን ከእጥፍ በላይ አሳደገ። እንግዲህ ልዩነቱ የተፈጠረው የሰሙት ሰዎች ከሰሙ በኋላ ባደረጉት ነገር ነው።

አራተኛ መንገድም አለ። ይህም በእቁብ ሥርዓት ሊታሰብ የሚችል ነው። አሥሩ ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው የተለያየ አልበም ገዝተው ኦሪጅናሉን ሳይገለብጡ በየተራ ቢዋዋሱ፣ እያንዳንዱ ሰው 200 ብር ከፍሎ አሥር አልበም ይሰማል። በጠቅላላው 2,000 ብር ወደ አሥር ባለሙያዎች ይሄዳል። ከዚህ በላይ ደግሞ ብቻውን ቢሆን ሊገዛው የማይደፍረው የጀማሪ ድምፃዊ አልበም የመደመጥ ዕድል ያገኛል። ነገር ግን ይህም ቢሆን ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም፤ እቁቡ ባይኖር ኖሮ ብዙ አልበም ይገዛ የነበረ አንድ ሰው አሁን በአንዱ ሊወሰን ይችላል።

ኢኮኖሚስቱ ስታን ሊቦዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጥናቱ ሌላ ነጥብ አንስቷል። ከአንድ ኦሪጅናል ብዙ ቅጂ እንደሚወጣ ሻጩ ካወቀ ለዚያ ኦሪጅናል ከፍ ያለ ዋጋ በመጠየቅ ከቅጂዎቹ የሚገባውን በተዘዋዋሪ ሊያገኝ ይችላል ይላል። ለማስረጃም የሳይንስ መጽሔት አሳታሚዎች ከግለሰብ ይልቅ ቤተ መጻሕፍትን አብልጠው ማስከፈላቸውን ጠቅሷል። በእኛ የሙዚቃ ገበያ ይህ አይሠራም። ለግል ቤቱ የሚገዛውና ለመቶ ሰው የሚልከው ደንበኛ በሙዚቃ ቤቱ መስኮት ሲቆሙ አይለዩም፤ ሁለቱም የሚከፍሉት አንድ ዋጋ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተጠቅሶ ይገኝ የነበረ ሲሆን፣ ራሱን የቻለ ሕግ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣም ይደነግጋል። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት የሚሠሩበትን መንገድ አስፍቷል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አዋጁ ለቤት አድማጭ የተወለትን ቦታ ነው። አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለራሱ የግል ጥቅም ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል በአንቀጽ 9 ተመልክቷል። የገዙትን ሲዲ ለመኪናዎ አንድ ጊዜ ቢገለብጡ ወንጀለኛ አይሆኑም ማለት ነው። ኦሪጅናሉን ለወንድምዎ ቢያውሱም ቅጂ አልተፈጠረም። ሙሉ አልበሙን ብዙ ሺሕ አባላት ላሉት የቴሌግራም ቻናል መጫን ግን በየትኛውም አተረጓጎም የግል ጥቅም ሊባል አይችልም።

ሕግ መኖሩ ብቻውን ገበያ አይፈጥርም። ለመክፈል ፈቃደኛ የሆነ አድማጭ የሚከፍልበት ቀላል መንገድ ሲያጣ ወደ ነፃው ቅጂ ይሄዳል። አውታር የተባለው የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሰዋስው ደግሞ በ2022 ሥራ መጀመራቸው የሚታወስ ሲሆን፣ ሁለቱም ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰቡ ናቸው። የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም በ2009 ዓ.ም. ሲወጣ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ መሆኑም የሚያመለክተው የሚከፈልበት መንገድ ከተገኘ ከፋይ እንደማይጠፋ ነው።

ከቁም ሳጥን የሚወጣው ሀብት

የድሮ ሸክላዎች ገበያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ500 የማይበልጡት ነጠላ ሸክላዎች በትንሽ ቁጥር የታተሙ በመሆናቸው ዛሬ በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ በብርቱ ይፈለጋሉ። በጥሩ ሁኔታ የተጠበቀ አንድ ሸክላ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያወጣ ይችላል። በአንዳንድ ቤት ግን ይኸው ዕቃ ከተሰበረ ወንበር ጋር ለቆራሌው ይሰጣል።

ሸክላ ያላቸው ቤተሰቦች ከመሸጣቸው በፊት ሊያደርጓቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ፣ ሸክላውን አስተኝቶ ከመደርደር ይልቅ እንደ መጽሐፍ አቁሞ፣ ከፀሐይና ከሙቀት አርቆ ማስቀመጥ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ሲጫን ይጣመማል። ሁለተኛ፣ በመሐሉ ባለው ክብ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የድምፃዊና የአሳታሚ ስም እንዲሁም ቁጥሩን መመዝገብ ነው። ዋጋ የሚወሰነው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ሽፋኑን አለመጣል ነው፤ ሽፋን የሌለው ሸክላ ዋጋው ይቀንሳል። አራተኛ፣ ለመሸጥ ቢወሰን እንኳን ድምፁን አስቀድሞ ወደ ኮምፒዩተር ማስቀዳት ነው። ዕቃው ቢሄድም ድምፁ ለልጆች ይቀራል።

ሸክላን የገዛ ሰው የገዛው ዕቃውን እንጂ የዘፈኑን መብት እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። የድሮ ሸክላ በብዙ ዶላር ሲሸጥ ለድምፃዊውም ሆነ ለቤተሰቡ የሚደርስ ሳንቲም የለም። ገንዘቡ የሚደርሳቸው ሥራው በውል ሲታተምና ሲሸጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወዳጁ «ምን እየሰማህ ነው?» ብሎ የጠየቀው ሙዚቃ አፍቃሪ ምላሹን ከመከልከል ይልቅ አንድ ነገር ሊጨምርበት ይችላል። ስሙን ይንገረው፤ ቤቱ ጠርቶ ያሰማው፤ ኦሪጅናሉም ካለው ያውሰው። ወደደው ካለ ደግሞ የት እንደሚሸጥ ይጠቁመው፤ ለልደቱ ወይም ለዓውደ ዓመት አንዱን ገዝቶ ቢሰጠውም መልካም ነው። በእኛ አገር ስጦታ ይዞ መሄድ አዲስ ልማድ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ እንደሚባለው፣ የአንድ አልበም ወጪ ለአንድ አድማጭ ቀላል ሲሆን ተደምሮ ግን ቀጣዩ አልበም መቀረፁንና አለመቀረፁን የሚወስን ነው።